ዲግሪው ወይስ ወንበሩ?

«ዶክተሩ እኮ ታክሲ ነው የሚነዳው!» የሚለው ሐሜት ለሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ለአሌክሳንድሪያ ምግብ ቤቶች እንግዳ አይደለም። ሐሜተኛው የዘነጋው ግን ምሁርን የሚያፈራው የተማረበት ቤት ብቻ ሳይሆን የተቀጠረበት ቤት ጭምር መሆኑን ነው።

ለዚህ ሟቹ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ምስክር ናቸው። በጀርመን ተምረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ቆስለው ሽባ ሆኑ። በስደት ሚነሶታ ሲገቡ የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት ሥራ ሰጣቸው። በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን መርምረው ለዓለም አስተዋወቁ፤ በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተቀበሉ። ያ ወንበር ባይገኝ ኖሮ ያው ዲግሪ ምን ይፈይድ ነበር?

በ1993 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተባረሩት ከ40 በላይ መምህራንም ዲግሪያቸው አልተነጠቀም፤ የተነጠቁት ወንበራቸውን ነው።

በ2019 በኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን ላይ የወጣ ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል፤ የምርምርን ብዛት ይበልጥ የሚወስነው መምህሩ የተማረበት ሳይሆን የሚሠራበት ተቋም ነው። ቀጣሪው ግን አሁንም የዲግሪውን ማኅተም ያያል። በ2022 በወጣ ጥናት፣ አሜሪካ ተምረው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከተቀጠሩት መምህራን 80 በመቶው የወጡት ከተቋማቱ አንድ አምስተኛ ከሚሆኑት ብቻ ነው።

እንግዲህ ሐሜቱ ይብቃ። አዳራሽ ያላቸው ቤተ ክርስቲያናትና ማኅበራት አንዲት ጸጥ ያለች ክፍል፣ ጥቂት መጻሕፍትና መጠነኛ ድጎማ ያዘጋጁ። ታክሲ የሚነዳው ምሁር የጎደለው እውቀት አይደለም፤ የጎደለው የሚጽፍበት ወንበር ነው።