ዘፋኙ መቼ ነው የሚጀምረው?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰብስበን የሚካኤል ሰይፉን «ዘላለም» ከፍተን ነበር። ድምፁን ለቀቅ አድርገነዋል፣ አንዋሽም። ትንሽ ቆይቶ በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን እማማ ናቸው።

«ልጆቼ፣ ምን መጣባችሁ? የማን ሙሾ ነው?»

ገብተው ቁጭ አሉ። ማሲንቆውን ሲሰሙ «ኧረ ይኼማ የኛው ነው!» አሉና ዘፋኙን መጠበቅ ጀመሩ። ጠበቁ፣ ጠበቁ...

«ዘፋኙ መቼ ነው የሚጀምረው?»

ይህ ጥያቄ የእማማ ብቻ ቢሆን ባልጻፍን። የሬዲዮኖቻችንም ነው። ግጥም የሌለው ሙዚቃ እኛ ዘንድ ምን ሥራ አለው? ከዜና በፊት ሰዓት መሙያ፣ የማስታወቂያ ማጀቢያ። ሰው እያወራ ከሥር ዝቅ ተደርጎ የሚለቀቅ ነገር። ቁጭ ብሎ የሚሰማው የለም።

ሚካኤልና እንደገና ሙሉ የገቡት እዚህ ውስጥ ነው። ቡድን አይደሉም፤ በየፊናቸው ነው የሚሠሩት፤ እንደገናም «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም ነው የሚታወቀው። ግን አንዱን አንስቶ ሌላውን መተው ያስቸግራል፤ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚባለው መንገድ ሲነሳ ሁለቱም ይነሳሉ። የሚካኤል «ያራዳ ልጅ» እ.ኤ.አ. በ2014 ዋሽንግተን በሚገኘው 1432 አር፣ «ዘላለም» ደግሞ በ2016 ኒውዮርክ በሚገኘው አርቪኤንጂ በኩል ወጡ። በሸክላ! እስቲ ቱሉ ዲምቱ ውስጥ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤት ካለ ጥሩን፣ ቡናውን እኛ እናመጣለን።

ሙዚቃው ጨለማ ነው። የባህል መሣሪያው ድምፅ ተቆርጦ፣ ተደጋግሞ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ እስኪመስል ይርቃል። አሁን ምቱ መጣ ስትሉ ይጠፋል። ሌሊት ከባድ መኪኖቹ ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ ሲያጓሩ አብራችሁ ከሰማችሁት የቱ ከየት እንደሆነ ይጠፋችኋል። እንዲህ ያለውን ሳይኬዴሊክ ይሉታል። አንዳንድ ወዳጆቻችን ደግሞ «የፈረንጅ ቅዠት ነው» ብለው ይገላገሉታል።

ይቅርታ አድርጉልንና፣ በዓቢይ ጾም ሌሊት በገና የሰማ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። አሥሩ አውታሮች ሥር እንዚራ የሚባሉ የቆዳ ቁራጮች የሚገቡት ለጌጥ አይደለም። ድምፁ እንዲነዝር ነው፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ እንዲያንዘፈዝፍ ነው። የሮክ ጊታር ተጫዋች ገንዘቡን አውጥቶ በፔዳል የሚፈልገውን ንዝረት አባቶቻችን በቆዳ ቁራጭ አግኝተውታል። ቅዠት ከሆነ የራሳችን ቅዠት ነው።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ኒውዮርክ ያሳተመው በ1972 ነው። ከኛ ዕድሜ ስንቱ ነው ግን ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ ካስገባ በኋላ «ለካ!» ያለው? ጋሽ ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና ድረም ማሽኑን ይዞ ብቻውን የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ጋሽ ኃይሉ ያኔ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት! ካሴቱ እኛው ሱቅ ውስጥ አቧራ እየጠጣ።

አሁንም ያው ወረፋ ላይ ነን። እነ ሚካኤልን ፈረንጅ አጨብጭቦላቸዋል፣ እዚህ ግን ስማቸውን ስንጠራ «እነማን ናቸው?» እንባላለን። ሁሉም ሥራቸው ግሩም ነው እያልን አይደለም፤ አንዳንዱ ሳያስፈልገው ይረዝማል፣ አንዳንዱ ጀምሮ የት እንደሚሄድ የጠፋበት ይመስላል። ይህንን ግን ሰምተን ነው የምንለው። ኤፍኤሞች በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ቢሆን፣ ማንም ሳያወራበት ቢለቁት ምን ይጎዳሉ? በዚያ ሰዓት እንደሆነ የሚደጋግሙት የቀኑን ፕሮግራም ነው።

እማማ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «ያስፈራል» አሉ። ትላንት ደረጃው ላይ ስንገናኝ ደግሞ «ያን የሚያስፈራውን መቼ ነው የምትከፍቱት?» ብለውናል። ቅዳሜ ነው፣ መብራት ካልሄደ።