ማጽዳቱ ከቴስቱ በፊት ይሁን

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ኢንቦክስ ላይ «ቲቸር፣ ቴስቱ ሲያልቅ የቢልድ ፋይሎቹን የሚያጠፋ ስክሪፕት ጽፌ ነበር፣ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። አየሁለት። ኮዱ ንጹህ ነው፣ ቦታው ግን ልክ አይደለም አልኩት። ለሌሎቻችሁም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ምክንያቴን እዚህ ልጻፈው።

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ ቴስቶቹ ሌሊት ሌሊት ሰርቨር ላይ ይሮጡ ነበር። ቢያልፉም ቢወድቁም ሲጨርሱ ፎልደሩ ሙልጭ ተደርጎ ይጠረጋል። ስክሪፕቱን የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ እንደውም ኮርቼበት ነበር። ከዛ አንድ ቴስት በሳምንት አንዴ ሁለቴ መውደቅ ጀመረ። ጠዋት ስንገባ «ወድቋል» ከምትል አንዲት መስመር በቀር ምንም የለም። ሎጉ የለ፣ ሪፖርቱ የለ። ቀን ስንሞክረው ደግሞ ያልፋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ያንተ ኮድ ነው፣ ያንቺ ነው» ስንባባል ከረምን። በመጨረሻ ያደረግነው የማጽጃዋን መስመር ከስክሪፕቱ ግርጌ አንስተን አናቱ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲወድቅ ሎጉ ቁጭ ብሎ ጠበቀን፦ ለካ ሁለት ቴስቶች እኩል እየሮጡ አንድ ጊዜያዊ ፋይል ይሻሙ ነበር።

መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ጽዳት ደግሞ ጭራሽ ላይደርስም ይችላል። መብራት ይጠፋል፣ ፕሮሰሱ ይገደላል። ጊትሃብ አክሽንስ ላይም አንድ ስቴፕ ሲወድቅ፣ ሌላ ካላዘዛችሁት በቀር ቀጣዮቹ ይዘለላሉ።

«ታዲያ ጨርሶ ባናጸዳስ?» የምትሉ አትጠፉም። ሰርቨር ላይ አይሆንም። የሰረዛችሁት ክላስ የድሮ ፋይሉ «ታርጌት» ውስጥ ከቀረ፣ ቴስቱ በሌለ ኮድ ላይ ተደግፎ አረንጓዴ ሊያበራላችሁ ይችላል። ከዚህ የባሰ ውሸት አላውቅም።

የራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ግን በየደቂቃው «ማቨን ክሊን» ማለት ጊዜ መግደል ነው። ብራንች ስትቀይሩ፣ ክላስ ስትሰርዙ ወይ ውጤቱ ግራ ሲገባችሁ ይበቃል። እባካችሁ የ«ኤም ቱ» ፎልደርን አብራችሁ አትደምስሱ፤ እሱ ውስጥ ያሉት ከኢንተርኔት የወረዱ ላይብረሪዎች ናቸው፣ እንደገና ሲወርዱ ፓኬጃችሁን ይበሉታል። «ጊት ክሊን»ንም ኤክስ ጨምራችሁ ስታዙ፣ ጊት እንዳያያቸው የደበቃችኋቸውን ፋይሎች ሁሉ ይጠርጋል፤ ፓስወርድ የጻፋችሁበት ፋይልም አይቀርም። ከዛ ደውላችሁ አታልቅሱብኝ።

ተማሪዬ «ዲስኩ ቢሞላስ?» ብሎኛል። የመጨረሻዎቹን አምስት ሩጫዎች አስቀር፣ ከዛ በፊት ያሉትን ሰርዝ ብዬዋለሁ።