መስቀል ሲሰረቅ አለቀስን፤ ጽሑፍ ሲሰረቅ እናጨበጭባለን

እስቲ ወገኖቼ ልጠይቃችሁ። በመጋቢት 1989 ዓ.ም የላሊበላ አፍሮ አይገባ መስቀል ሲሰረቅ ያላዘነ ማን ነበር? ላስታ አነባ፣ አገር ተንጫጫ። መስቀሉ ቤልጅየም ድረስ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ተመለሰ። እሰየው! ታዲያ ስለዚያው ላሊበላ የደከመ ሰው ጽሑፍ ሲሰረቅ ምን እናደርጋለን? ሌባውን ጋዋን አልብሰን እናስመርቃለን። ጉድ እኮ ነው!

በቅርቡ ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ የተጻፈ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ እጄ ገባ። ሥራው በ24 ዓመት ተፈጸመ ይላል። ማን አለ? የለም። ገጹስ? የለም። እኔ ግን ባለቤቱን አውቀዋለሁ፤ የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ላሊበላን አየ፤ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ባዕዱ ሰውዬ እንኳ በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ለይቷል፤ 24 ዓመቱን የጻፈው ሰዎች ነገሩኝ ብሎ ነው። የእኛው ተመራቂ "ነገሩኝ"ን ቆርጦ ጣለና የተሰማውን የተረጋገጠ አደረገው። አያችሁ መዘዙን? የጽሑፍ ሌባ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን አንባቢውንም ይዘርፋል። እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ምሁር ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ ሁሉም በአንድ ዘመን አልተፈለፈሉም ብለው ጽፈዋል። ምንጭ ካልተጠቀሰ ማን ከማን ጋር ይከራከራል?

"ይህ የፈረንጅ ሥርዓት ነው" የሚሉኝ አሉ። ውሸት! የአንድምታ መምህር ጥቅስ ሲያመጣ "እንዲል" ብሎ ይዘጋል። የቅኔ ተማሪ ከማን ተማርክ ሲባል የመምህሩን ስም ይጠራል። ክብረ ነገሥት ራሱ በመጨረሻው ከየትኛው ቋንቋ እንደመጣና ማን ወደ ግዕዝ እንደመለሰው ይናገራል።

ተማሪ ሆይ፣ ሥራው እኮ ከባድ አይደለም! ቃል በቃል የወሰድከውን በትእምርተ ጥቅስ ክተት። ጸሐፊውን፣ መጽሐፉን፣ ዓመቱን፣ ገጹን ጻፍ። በራስህ ቃል ብታዞረውም ሐሳቡ የሰው ነውና ስሙን ጥራ። የላስታ መሪጌታ የነገሩህንም እንዲሁ፤ ማን፣ የት፣ መቼ። ከኢንተርኔት የለቀምከውም ባለቤት አለው።

እናንተስ መምህራን? ባለሥልጣኑ ሰው ቀጥሮ ባስጻፈው ጽሑፍ ካባ ሲደርብ ዝም ካላችሁ፣ የድሃውን ልጅ በየትኛው አፋችሁ ትቆጣላችሁ?

መስቀሉ ወደ ላሊበላ የተመለሰው የማን እንደሆነ ስለታወቀ ነው። የባለቤቱ ስም የተፋቀበት ጽሑፍስ ወደ ማን ይመለሳል? ልብ ያለው ልብ ይበል!