ሽብርተኝነትና የቡድን ጥቃት፦ መንስኤና መከላከል በወላይታ

ሽብርተኝነት ፖለቲካዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም ርዕዮተ ዓለማዊ ዓላማን ለማራመድ፣ ሕዝብን ለማሸበር ወይም መንግሥትን ለማስገደድ ታስቦ የሚፈጸም የኃይል ወንጀል ነው። በኢትዮጵያ የሚዳኘው በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ሲሆን፣ አዋጁ የቀድሞውን ቁጥር 652/2001 ተክቷል። የቡድን ጥቃት ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ረጅም ዝግጅት በወሬና በቁጣ ይነሳል። ሁለቱ በሕግ ቢለያዩም የሚጋሯቸው መንስኤዎች አሉ።

ሁለት ክስተቶች በአንድ ወር

በሰኔ 2010 ዓ.ም. በፍቼ ጨምበላላ በዓል ሰሞን በሐዋሳ የወላይታ ተወላጆች ጥቃት ደረሰባቸው። ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩም ተፈናቀሉ። ብጥብጡ ወደ ወላይታ ሶዶም ተዛመተ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በዚያው ሰሞን ሁለቱን ከተሞች ጎብኝተው የዞን አመራሮች ሥልጣን እንዲለቁ ጠየቁ። ሰኔ 16 ደግሞ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በድጋፍ ሰልፍ ላይ የእጅ ቦምብ ተወርውሮ ሰዎች ሞቱ። በዚህ ድርጊት የተጠረጠሩት የተከሰሱት በፀረ ሽብር ሕጉ ነበር።

ሥነ ልቦናዊ ምክንያቶች

ሽብር ፈጻሚ ሁሉ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው የሚለው አስተሳሰብ በጥናት አልተደገፈም። ማርታ ክሬንሾ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣችው ጽሑፍ አብዛኞቹ ጤናማ ሰዎች መሆናቸውን አመልክታለች። ፋታሊ ሞጋዳም በ2005 ሂደቱን በደረጃ መስሎታል፦ በታችኛው ወለል «ተበድለናል» የሚል ስሜት ያለው ብዙ ሕዝብ አለ፤ አቤቱታ የሚሰማ ሲጠፋ ጥቂቶች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በመጨረሻም «እኛ» እና «እነሱ» የሚለው ክፍፍል ግድያን ትክክል ያስመስለዋል። በቡድን ጥቃትም ጎረቤት የሚመታው ባደረገው ነገር ሳይሆን በትውልዱ ነው።

ከወንጀል ጥናት አንጻር

ቂም ብቻውን ወንጀል አይሆንም። አጋጣሚ፣ የጥበቃ መላላትና «ማንም አይጠይቀኝም» የሚል እምነት ሲጨመሩ ግን አደጋው ይጨምራል። ያልተጣራ ወሬ በስልክ በደቂቃዎች ውስጥ ከከተማ ከተማ ሲደርስ የበቀል ጥሪ ይሆናል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የወጣው ይህን መሰሉን አደጋ ለመቀነስ ነው።

መከላከል

የወላይታ ዞን ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. የክልልነት ጥያቄ አቀረበ። በነሐሴ 2012 የዞኑ አመራሮች ሲታሰሩ በሶዶና በቦዲቲ ተቃውሞ ተነሳ፤ የጸጥታ ኃይሎች በከፈቱት ተኩስም ሰዎች ተገደሉ። በ2015 ዓ.ም. ዞኑ ከሌሎች ጋር በአንድ ክልል ስለመደራጀት ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ በወላይታ ድምፅ አሰጣጡ ሰኔ 12 ቀን ተደገመ። ውጤቱ የተጠየቀው የብቻ ክልል ሳይሆን፣ ሶዶን የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ያደረገው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ጥያቄንና ጥቃትን መለየት ነው። አዋጅ 1176/2012 ራሱ ሰላማዊ ሰልፍንና የሥራ ማቆምን ከሽብር ለይቶ ያያል። በግድያ የተሳተፈ በግሉ ሲጠየቅ ወገኑ በጅምላ ከመወንጀል ይድናል። የሀገር ሽማግሌዎችና የተጣላ የሚታረቅበት የጊፋታ በዓል ቂም እንዳይከርም ይረዳሉ፤ የፍርድ ቤትን ቦታ ግን አይተኩም።