ከኀዘንተኛ አጠገብ

በሰፈራችን የምትኖር አንዲት እናት የ4 ዓመት ልጇን በሞት ተነጠቀች። እንደ ወጉ የዕድሩ ድንኳን ተተከለ፤ ጎረቤቱም ንፍሮውንና ቡናውን ይዞ ተሰበሰበ። ይሁንና ሁለት ቀን እንዳለፈ የአንዳንዶቻችን አንደበት ተፈታ። አንዷ «ስለቷን ሳታገባ ቀርታ ነው» አለች። ሌላዋ «በጊዜ ጠበል ብታደርሰው ኖሮ» ስትል ጨመረች። እኔም ከስሕተቱ ነጻ አልነበርኩም። «አይዞሽ፣ ለበጎ ነው» ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያቺ እናት አርባው እስኪወጣ ድረስ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠችም። ምክንያቱን ብጠይቃት «የተቆጣኝን አምላክ በየትኛው ዓይኔ ልየው?» ስትል መለሰችልኝ።

ለመሆኑ ክርስትና ስለ መከራ የሚያስተምረን ይህንን ነውን? መጽሐፈ ኢዮብን የተመለከትን እንደሆነ፣ ጻድቁ ኢዮብ 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆቹን በአንድ ቀን አጥቷል። ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር በመጡ ጊዜ 7 ቀንና 7 ሌሊት አንዳች ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ መልካም ለቅሶ ደራሾች ነበሩ። በደላቸው የተጀመረው መከራውን የኃጢአቱ ዋጋ አድርገው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ፣ በ42ኛው፣ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነዚሁ አስረጂዎች ላይ እንጂ አምርሮ በጮኸው በኢዮብ ላይ አይደለም። ጌታችንም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ ጥፋቱን በሰውየውም ሆነ በወላጆቹ ላይ አላደረገም። በአልዓዛር መቃብር ዘንድ ደግሞ ራሱ አልቅሷል።

ጎረቤታችንን ያጽናኗት አንዲት አሮጊት ናቸው። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ በየማለዳው እየመጡ ውሃ ይቀዱላታል፤ ቡና ያፈላሉ፤ ከዚያም ዝም ብለው አጠገቧ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ብቻ «እኔም ሁለት ቀብሬያለሁ፣ ልጄ» አሏት። ያን ዕለት አብረው አለቀሱ። በተከታዩ እሑድም አብረው ቤተ ክርስቲያን ሳሙ።

በቅርቡ በዚያው ሰፈር ሌላ ሴት ባሏ ሞተባት። ከሁሉ ቀድማ ውሃ ተሸክማ የደረሰችው ያቺው ልጇን የቀበረችው እናት ነበረች። ኋላ ስንጨዋወት እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ ለምን እንደ ሞተ ዛሬም አላውቅም። ብቻ ከእሷ ጋር እንድቀመጥ እግዚአብሔር የላከኝ ይመስለኛል።»

እኅቶች፤ የመከራን ትርጉም የሚያገኘው ባለመከራው ራሱ ነው፤ እኛ ልንነግረው አንችልም። ስለዚህ ለቅሶ ስንደርስ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ማለት ይበቃናል። ይልቁንም ድንኳኑ ተነሥቶ ቤቱ ጭር በሚልባቸው ሳምንታት ኀዘንተኛዋን አንርሳት። ያን ጊዜ አንድ እንስራ ውሃ ከብዙ ምክር ይበልጣል።