«ሲስተም የለም» የሚለው ሰው

በአገራችን በየቀኑ ከሚነገሩ ዓረፍተ ነገሮች ተከራክራችሁ የማታሸንፉት ቢኖር «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ባንክ ቤት ትሰሙታላችሁ፣ የመብራት ሒሳብ ስትከፍሉ ትሰሙታላችሁ፣ የጠፋ ሲም ካርድ ልታስወጡ ስትሄዱ ትሰሙታላችሁ። አዲስ አበባ ከሆነ ቢያንስ ሌላ ቅርንጫፍ ትሞክራላችሁ። ቦንጋ ላይ ግን የምትሰሙት ከጭሪ ወይም ከዋቻ በጠዋት ተነስታችሁ፣ ጭቃውን አልፋችሁ፣ የመኪና ከፍላችሁ ከደረሳችሁ በኋላ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ድምፅ ከፍ ይላል፤ «እናንተ እኮ ስትባሉ!» ይባላል፤ መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ኪቦርዱን ያያል።

ስለ ሲስተሙ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተቀልዷል። እኔ ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት አንገቱን ስለደፋው ልጅ ነው። (ሴትም ልትሆን ትችላለች።)

ይህ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሲስተሙ ለምን እንደጠፋ የነገረው የለም። ፋይበር ተቆርጦ ይሁን፣ የማማው ጄኔሬተር ነዳጅ ጨርሶ ይሁን፣ ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ነገር እየቀየረ ይሁን እሱም እንደናንተው ይገምታል። መቼ እንደሚመለስም አያውቅም። ስድቡ ግን የእሱ ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ ያለ ሠራተኛ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ማን እንደሆነ የሚያውቀው የለም። ቦንጋ ላይ መጥፋት የለም። የእገሌ ልጅ ነው፤ እናቱ እድርተኛ ናት፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «አንተ፣ ያ ነገር ተስተካከለ?» ይባላል። ማታ ቡና ሊጠጣ ጎረቤት ቢገባ ሁለተኛው ስኒ ላይ ስለ ኔትወርክ ይጠየቃል። ድርጅቱን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል ማለት ነው።

ስለዚህ የአንድ የቴክኖሎጂ ድርጅት የሥራ ባህል ምን እንደሚመስል ማወቅ የፈለገ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ የመስታወቱን ሕንፃ ባያይ ይሻላል እላለሁ። 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተጉዞ መጨረሻው መስኮት ላይ የተቀመጠውን ሠራተኛ ይጠይቅ። ምን ታውቃለህ? ማንን መጠየቅ ትችላለህ? ብትጠይቅስ ምን ይደርስብሃል?

ቦንጋ ከሩቅ መታዘዝን በደንብ ታውቃለች። በድሮው የካፋ ክፍለ ሀገር ዋናው ከተማ ጅማ ነበር፤ ማመልከቻ ወደዚያ ይሄዳል፣ ትእዛዝ ከዚያ ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ግን ክልል አይከተሉም። የቅርንጫፉ ሠራተኛ ስንት ደንበኛ መመዝገብ እንዳለበት አሁንም የሚወሰነው መንገዱ የሚጀምርበት እንጂ የሚያልቅበት አይደለም።

የዚህ አገር ትልቁ የቴክኖሎጂ አሠሪ ቴሌ ነው። ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. የቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ቀርቶ ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ። ሥራ አመራሩም ለሁለት ዓመት በኮንትራት ለፍራንስ ቴሌኮም ተሰጠ (ኦሬንጅ የምንለው ነው)። የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዣን ሚሼል ላቱት የሚባሉ ፈረንሳዊ ነበሩ። አዲስ መዋቅር ተሠራ፤ ሠራተኛው በአዲሱ መዋቅር ላይ እንደገና ተደለደለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቦታ ሳያገኙ ወጡ። ለፍርድ ያህል፣ የድሮው ኮርፖሬሽን መለወጥ ነበረበት። ስልክ ለማስገባት ዓመታት የጠበቀ ሰው ይህን አይክድም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። 20 ዓመት ምሰሶ ላይ ሲወጣ የኖረ ቴክኒሻን «ተመድበሃል» ወይም «አልተመደብክም» ተብሎ ሲለይ የቀሩት ምን ተማሩ? እንደሚመስለኝ የተማሩት ዝምታን ነው። መመዘኛው ምን እንደሆነ በደንብ ያልገባው ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ አይታይም፣ አይሰማም፣ ሐሳብ አያቀርብም።

እዚህ ላይ ፓሪስ ደርሰን እንመለስ። ያኔ ሊያስተምሩን የመጡት ፈረንሳዮች አገራቸው ላይ ሌላ ጉዳይ ነበረባቸው። ፍራንስ ቴሌኮም ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ 120,000 ከሚጠጋው ሠራተኛው 22,000 ያህሉን ለመቀነስ፣ 10,000 ያህሉን ደግሞ ለማዘዋወር አቅዶ ነበር። ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኛ መብት ስላላቸው ማባረር አይቻልም። ስለዚህ በራሳቸው እንዲሄዱ ማድረግ ተፈለገ። የኩባንያው ሊቀመንበር ዲድየ ሎምባርድ ለሥራ መሪዎቻቸው ሰዎቹን በመስኮትም ይሁን በበር አስወጣቸዋለሁ ማለታቸው በሰፊው ተዘግቧል። የአለቆች ጉርሻ ሠራተኛ ከማስለቀቅ ጋር እንዲያያዝ ተደረገ። መሐንዲሱ ስልክ መላሽ ሆነ፤ ቤተሰብ ያለው ሰው በተደጋጋሚ ከከተማ ከተማ ተዘዋወረ። ራሳቸውን ያጠፉ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ የ39 ሠራተኞችን ጉዳይ መረመረ፤ 19ኙ ራሳቸውን ያጠፉ፣ 12ቱ የሞከሩ፣ 8ቱ በከባድ ጭንቀት የታመሙ ወይም መሥራት ያቃታቸው ነበሩ።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የፓሪስ ፍርድ ቤት ሎምባርድንና ሌሎች የቀድሞ አመራሮችን፣ ኩባንያውንም ጭምር፣ ጥፋተኛ አለ። ሎምባርድ አንድ ዓመት እስራት (ስምንት ወሩ የገደብ) ተፈረደባቸው፤ ኩባንያው 75,000 ዩሮ ተቀጣ። በይግባኝ የእስራቱ ቅጣት ሙሉ በሙሉ ገደብ ሆነ፤ ጥፋተኝነቱ ግን ጸና፤ የመጨረሻው ሰበር ችሎትም በጥር 2017 ዓ.ም. አጸናው። ቅጣቱ ትንሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። ነው። ነገር ግን ፍርዱ «አንድ ክፉ አለቃ አንድ ሠራተኛ ሰደበ» የሚል አልነበረም። ጥፋቱ የሥራ አመራር ፖሊሲው ራሱ ነው ተባለ። በኛ አገር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። እዚያ ሰማዩ ባይታረስም ንጉሡ ተከሰሰ።

ፈረንሳይ የሆነው እዚህም ሆኗል እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ማስረጃ የለኝም። የምለው ግን ጥያቄው እዚህም መጠየቅ ነበረበት። ሰዎቹን ስንቀበል «ኔትወርክ ታሻሽላላችሁ ወይ?» አልን እንጂ «ሠራተኛ እንዴት ትይዛላችሁ?» ያለ የነበረ አይመስለኝም።

የኛ ሕግስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ያዛል። ጥሩ። ካልጠበቀስ? ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ለቅቆ መሄድ ይችላል፣ ከስንብት ክፍያው ሌላ የ30 ቀን ደመወዝ ካሳም ያገኛል። ልብ በሉ፤ የተነካው እሱ፣ የሚወጣውም እሱ። አዲስ አበባ ላይ ከአንዱ ድርጅት የወጣ ሌላ በር ያንኳኳል። ቦንጋ ላይ ስንት በር አለ? በተማርከው ሙያ የሚቀጥሩህ ድርጅቶች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ የመልቀቅ መብት ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚያሳፍር የመኪና ትኬት ነው። ከላይ ያለው የሥራ መሪ ደግሞ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ የሚገዛው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ሠራተኛውን የሚያስጨንቀው የቅርንጫፍ ኃላፊ ራሱ ከላይ ሲጨነቅ ይህ ሕግ አያድነውም ማለት ነው። ጭንቀቱ ደረጃ በደረጃ ወርዶ መስኮቱ ጋ ይቆማል።

የማኔጅመንት ፋሽን ግን አጥተን አናውቅም። ቢፒአር መጣ፤ ወንበር ተቀያየረ። ቢኤስሲ መጣ፤ ቅጽ ተሞላ። ካይዘን መጣ፤ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ካይዘን ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ነው፤ ምክንያቱም ጃፓን ውስጥ ዋናው ሐሳቡ ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሰው ጉድለቱን ቀድሞ ያያልና እሱ ይናገር የሚል ነበር። እኛ ጋ ደርሶ ብዙ ቦታ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀትና መሬት ላይ የተቀባ ቢጫ መስመር ሆኖ ቀረ። መስመሩ አለ፤ የሚናገረው ሰው የለም።

ስለ ትልልቆቹ ብቻ እንዳልናገር፣ ትንንሾቹ የግል ድርጅቶችም ከዚህ አያመልጡም። አንዲት የቦንጋ ልጅ አዲስ አበባ በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ትሠራ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ባለቤቱ ወጣት ነው፤ ቲሸርት ለብሶ ይመጣል፤ ሠራተኛው «አንተ» ይለዋል። «እኛ ቤተሰብ ነን» ይላል። ቤተሰብነቱ የሚታወሰው ግን ደመወዝ ሲዘገይ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የቴሌግራም ግሩፑ ላይ ሥራ ይለቀቃል፤ አውራ ጣት ያላደረገ ሰው ጠዋት ስሙ ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። አዋጁ መደበኛ ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፣ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይለፍ ይላል። አንድ ቀን ይህን ብትጠቅስ «አንቺ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መሰለሽ እንዴ?» ተባለች፤ ሁሉም ሳቀ። አብረዋት የሚሠሩትም ጭምር።

«ለምን ቶሎ አልወጣሽም?» አልኳት። «እማዬን ምን ልበላት?» አለችኝ። እናቷ ቦንጋ ላይ ለጎረቤት «ልጄ ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው» ይላሉ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ለስንት ዓመት የተከፈለባት እንደሆነች ከገጠር ልጅ ያስተማረ ያውቃል። ልጅቷ የተሸከመችው የአለቃዋን ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ የእናቷንም ኩራት ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ያገኘ አሠሪ ዘበኛ አያስፈልገውም፤ አትሄድበትም።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባል ሥልጠና ተጀመረ። ደስ ይላል፤ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆችም ሰርተፊኬታቸውን ሲለጥፉ አይቻለሁ። ግን ፓይተን ከሚያውቁት ልጆች መካከል የሥራ ውሉን ሳያነብ የማይፈርም ስንት ነው? የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም 10 ሰው እንደሚበቃ የሚያውቀውስ? ጓደኛዬ የነበረችበት ቢሮ 14 ሰው ነበረው።

አንዳንዱ ሰው «መጠየቅ የነጭ ባህል ነው፤ እኛ አለቃ እናከብራለን» ይለኛል። የካፋ ሰው ይህን ሲል ግን አልቀበልም። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በቆየው የካፋ መንግሥት ንጉሡ፣ ታቶው፣ ሚክሬቾ የሚባል የሰባት አማካሪዎች ጉባኤ ነበረው። ሥልጣኑን የሚገድበው ይህ ጉባኤ ነበር። (ያ መንግሥት የባሪያ ንግድም ነበረበት፤ ገነት ነበር አላልኩም።) ዘውድ የጫነው ታቶ የሚሰማው ጉባኤ ከነበረው ቲሸርት የለበሰው ባለቤት የማይሰማበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ትልቁ ድርጅት ልመለስና ላብቃ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ አቀረበ፤ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ቢሆንም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ባለድርሻ ሆኗል። ሳፋሪኮምም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ገበያው ውስጥ ስላለ ሠራተኛ ማማረጥ፣ መነጣጠቅም ይኖራል። ድሮ ስለ ቴሌ የምናወራው እንደ ደንበኛ ብቻ ነበር። አሁን 33 አክሲዮን የያዘ የቦንጋ አስተማሪ ወይም ነጋዴ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጁን ማውጣት ይችላል።

ስለ ትርፍ ድርሻ መጠየቁ አይቀርም፤ ይጠይቅ። ከዚያ ሦስት ነገር ይጨምር። ባለፈው ዓመት ስንት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ለቀቀ፣ ሲለቅስ ምክንያቱን የጠየቀው አለ ወይ? አገልግሎት ሲቋረጥ የቅርንጫፍ ሠራተኛ ምክንያቱን ከደንበኛው ስንት ደቂቃ ቀድሞ ያውቃል? ከቅርንጫፍ ተነስቶ ዋና መሥሪያ ቤት የተቀበለው ሐሳብ አለ? ቁጥሩ ይነገረን። «መረጃው አሁን በእጃችን የለም» የሚል መልስ ከመጣ አትጩሁ፤ የመለሰውን ሰው ስም ያዙና በጽሑፍ፣ በቀን ገደብ ይላክልን በሉ።