«ደምህን ሸጠህ ነው?» በሕክምና ጥናት ለሚሳተፍ ሰው ገንዘብ ስለመክፈል



ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር ጻፈልን። የባጃጅ ሾፌር ነው። በሚኖርበት ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በሚካሄድ የክትባት ጥናት ተመዝግቧል። በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ እየሄደ ይመረመራል፣ ደም ይሰጣል። በሄደ ቁጥር «የትራንስፖርት» ተብሎ ገንዘብ ይከፈለዋል። የመጀመሪያውን ቀን ብር አምጥቶ ለእናቱ ሲሰጣቸው ግን አልነካም አሉ። «ደምህን ሸጠህ ነው?» ብለው ጠየቁት። መልእክቱን የጨረሰው «እናቴ ልክ ናት ወይ?» በሚል ጥያቄ ነው።

አጭር መልስ ሰጥተነው ነበር። በኋላ ስንነጋገርበት ግን ጉዳዩ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ አየን። ብዙዎቻችሁ ዩኒቨርሲቲና ትልልቅ ሆስፒታሎች ባሉባቸው ከተሞች ነው የምትኖሩት። ዛሬ ባይሆን ነገ «በጥናት ትሳተፋለህ? ትሳተፊያለሽ?» መባላችሁ አይቀርም።

የእናትየውን ጥያቄ አቅልለን አናየውም። ሰውነታችን አማና እንደሆነ፣ ደምም ገበያ የሚወጣ ዕቃ እንዳልሆነ ከዑለሞቻችን እየሰማን ነው ያደግነው። ክፍያው በሲሪንጅ ልክ ቢሆን፣ ማለትም ብዙ ደም ለሰጠ ብዙ ብር የሚባል ቢሆን ኖሮ፣ «እናትህ ልክ ናቸው፣ ተመለስ» እንለው ነበር። ወንድማችን የሰጠው ግን ግማሽ ቀኑን ነው። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ወረፋ ጠብቆ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አልሠራም። የባጃጇ ባለቤት ደግሞ «ሆስፒታል ውለሃል» ብሎ የቀን ገቢውን አይቀንስለትም። የጠፋበትን ቀን ዋጋ መቀበልና ደም መሸጥ አንድ አይደሉም።

እዚህ ላይ የሚያናድደንን አንድ ነገር እንናገር። በየከተማችን ጥናት ሲካሄድ አስተባባሪው አበል አለው፣ መረጃ ሰብሳቢው አበል አለው፣ ሾፌሩም አበል አለው። ክንዱን ዘርግቶ ለሚወጋው ሰው ግን አንድ ሳሙና ይሰጠውና «እናመሰግናለን» ይባላል። ለምን ሲባል «ገንዘብ ከተሰጠው ፈቃዱ በገንዘብ ይገዛል» የሚል መልስ ይመጣል። ሥጋቱ መሠረት የለውም አንልም። ግን ገንዘብ የሚያበላሸው የድሃውን ፈቃድ ብቻ ነው እንዴ?

በመተማና በሁመራ የሰሊጥ እርሻ ላይ የሚሠሩትን ወገኖቻችንን አስቡ። ከደጋው ወቅት ጠብቀው ለአረምና ለአጨዳ ይወርዳሉ። እዚያ የአሸዋ ዝንብ ትነድፋቸውና ካላዛር ይይዛቸዋል። ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ለዓመታት የነበረው ሕክምና ለ17 ቀን በየቀኑ ሁለት የሚያምም መርፌ መወጋት ነበር። ይህን ለማቅለል በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በዩጋንዳ አንድ ጥናት ተካሄደ። ጎንደርም ከቦታዎቹ አንዱ ነበር። ለ14 ቀን በቀን አንድ መርፌ ከሚዋጥ መድኃኒት ጋር የተሰጣቸው ሕሙማን የመዳን ዕድላቸው ከነባሩ ሕክምና ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ይህን በእርግጠኝነት ለመናገር ግን ሕሙማኑ ከስድስት ወር በኋላም መታየት ነበረባቸው። የቀን ሠራተኛ ከስድስት ወር በኋላ የት እንደሚገኝ አስቡት! ወዳጆቼ የምንለው የሕክምና ዕውቀት የተገኘው እንዲህ ያሉ ሰዎች በታመሙበት ዓመት፣ ኪሳቸው ባዶ በሆነበት ጊዜ፣ ተመልሰው ስለመጡ ነው። እንዲህ ላለ ሰው የመሳፈሪያውንና የጠፋበትን የሥራ ቀን ዋጋ መክፈል ማባበል ሳይሆን ዕዳን መወጣት ነው። የሠራተኛን ሒሳብ መከልከል በደል መሆኑን ደግሞ ገና በመድረሳ ነው የተማርነው።

ታዲያ ችግሩ የሚጀምረው ምኑ ላይ ነው? አንድ የቆየ ታሪክ ይህን ያሳያል። በ1900 (እ.ኤ.አ.) ኩባ ውስጥ ዋልተር ሪድ የሚባል የአሜሪካ ጦር ሐኪም ቢጫ ወባ በትንኝ ይተላለፍ እንደሆነ ሊያረጋግጥ ተነሳ። አዲስ የመጡ ስፔናውያን ስደተኞችን በጽሑፍ ውል አስፈረመ። ለሚሳተፍ 100 ዶላር በወርቅ፣ ከታመመ ሌላ 100 ዶላር፣ ከሞተ ደግሞ ገንዘቡ ለወራሹ ይሰጣል። ከካምፑ ከወጣ ግን ገንዘቡን በሙሉ ያጣል። ለዚያ ዘመን በጽሑፍ ማስፈረሙ ራሱ ትልቅ እርምጃ ነበር፣ ይህን አንክድም። ከአሜሪካውያኑ ፈቃደኞች መካከል ሁለቱ ገንዘቡን አንቀበልም ብለው በነጻ ገቡ። በሪድ ካምፕ ከፈቃደኞቹ አንድም ሰው አልሞተም። በቀጣዩ ዓመት ግን እዚያው ሃቫና፣ በሌላ ሐኪም ሙከራ፣ ክላራ ማስ የምትባል የ25 ዓመት አሜሪካዊት ነርስ ሞተች። እሷም 100 ዶላር ተከፍሏት ነበር።

የውሉን ሁለት ነገሮች ልብ በሉ። አንደኛ፣ መታመም ራሱ ዋጋ ወጥቶለታል። ሁለተኛ፣ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ባዶ እጁን ይሄዳል። ስደተኛ ለሆነና ዘመድ ለሌለው ሰው እንዲህ ያለው ውል ከገመድ አይለይም። በ2016 የወጣው ዓለም አቀፉ የሲኦምስ መመሪያ ክፍያ ለወጪ፣ ለጊዜና ለእንግልት እንጂ በአደጋው መጠን እንዳይሆን የሚለው ለዚህ ነው። መሐል ላይ ያቋረጠም እስከዚያ የተሳተፈበት ይከፈለዋል። ደቡብ አፍሪካም የምትከተለው ይህንኑ ነው፤ ለጊዜ፣ ለእንግልትና ለወጪ።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ግን ጉዳት ሲደርስ ያለው ነው። በመጋቢት 2006 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ስምንት ጤናማ ወንዶች እያንዳንዳቸው 2,000 ፓውንድ ሊከፈላቸው ቲጂኤን1412 ለሚባል አዲስ መድኃኒት ሙከራ ገቡ። ለሁለቱ መድኃኒትነት የሌለው ነገር ተሰጠ። መድኃኒቱን የወሰዱት ስድስቱ ግን በዚያው ቀን በጽኑ ታመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ሁሉም በሕይወት ተረፉ፤ አንደኛው ግን ጣቶቹን አጥቷል። የመድኃኒቱ ባለቤት የነበረው የጀርመን ኩባንያ በዚያው ዓመት ከሰረ። 2,000 ፓውንድ በዛ ወይስ አነሰ ብሎ መከራከር ይቻላል። ጣቱን ላጣው ሰው ግን ትልቁ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ማን ያሳክመዋል፣ ማንስ ይክሰዋል የሚለው ነበር።

«እንግዲያው ገንዘብ የሚባለው ነገር ይቅር» የሚሉ ወንድሞች የካኖን ታሪክ ያስታውሱ። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ናይጄሪያ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ገብቶ ፋይዘር ትሮቫን የሚባል መድኃኒት በ200 ሕፃናት ላይ ሞከረ። ግማሾቹ አዲሱን፣ ግማሾቹ ነባሩን መድኃኒት ነው ያገኙት። 11 ሕፃናት ሞቱ። ወላጆች «ሙከራ መሆኑ አልተነገረንም» አሉ። ኩባንያው ልጆቹን የገደላቸው በሽታው ነው ብሎ ተከራከረ፤ በ2009 ግን ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። እዚያ እናቶችን ያመጣቸው ክፍያ አልነበረም፤ የታመመ ልጅ ነው። ከዓመታት በኋላ ካኖ የፖሊዮ ክትባትን አልቀበልም ስትል ያ ቁስል አንዱ ምክንያት ነበር።

ወደ ራሳችን ወጣቶችም እንመለስ፤ ጥፋቱ ሁሉ የሌላው ብቻ አይደለም። ገንዘቡ እንዳይቀርበት ብሎ ጫት እንደሚቅም የሚደብቅ፣ ሌላ መድኃኒት እየወሰደ «አልወስድም» የሚል፣ ከአንዱ ጥናት ወጥቶ ሳይቆይ ሌላው ላይ የሚመዘገብ አለ። እንግሊዞች ሰው በሁለት ጥናት በአንድ ጊዜ እንዳይገባ የሚቆጣጠሩበት መዝገብ አላቸው። ፈረንሳዮች ደግሞ አንድ ፈቃደኛ በዓመት ሊቀበል በሚችለው ገንዘብ ላይ ጣሪያ አበጅተዋል። ይህ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚዋሽ ሰው ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ከዚያም አልፎ ነገ ያንን መድኃኒት የምትወስደውን የማያውቃትን ነፍሰ ጡር ወይም ሽማግሌ አባት ይጎዳል። ክፍያው ለጊዜው ሐላል ቢሆንለት እንኳ በውሸት ያገኘው ቦታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ለወንድማችን የጻፍንለት በአጭሩ ይህ ነበር፤ ለእናትህ የሥራ ቀንህን ዋጋ እንጂ የደምህን ዋጋ እንዳላመጣህ ንገራቸው። ከዚያ በፊት ግን አንተ ራስህ የፈረምከውን ወረቀት አንብብ። መሐል ላይ ብተው የእስከዛሬው ይከፈለኛል ወይ? ከክትባቱ የተነሳ ብታመም ማን ያሳክመኛል? አልፈልግም ብል ነገ በዚሁ ሆስፒታል ስታከም ፊት ይነሱኛል ወይ? ብለህ ጠይቅ።

ሁለተኛው ቀጠሮው ማክሰኞ ነበር፤ ጠይቆ ጻፈልን። ነርሷ በትህትና አስቀምጣ ቅጹን አነበበችለት። ቢያቋርጥም የመጣባቸው ቀናት ይከፈሉታል፤ መተውም ሕክምናውን አይነካበትም። ብታመም ማን ያሳክመኛል ለሚለው «ዶክተሩን ጠይቄ እደውልልሃለሁ» አለችው። እናቱ ብሩን ተቀብለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል፤ ስልኩ እስኪደወል አልነካውም ብለዋል። ይህን እስከጻፍንበት ሰዓት አልተደወለም።